ግሮሰሪ ካርታ ላይ ሲገባ ምን ይባላል?

አዲስ አበባ ውስጥ «ግሮሰሪ» የሚል ታፔላ ያለበትን በር ገፍቶ የገባ ሰው የሚያገኘው ባንኮኒ፣ ድራፍት፣ ጂንና ከፍ ያሉ ወንበሮች ነው። ሽንኩርትና ዘይት ልግዛ ብሎ የገባ ተስቆበት ይወጣል። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ የሐበሻ ግሮሰሪ ግን እውነትም በርበሬ፣ ሽሮና በፕላስቲክ የታሸገ እንጀራ ይሸጣል። ታፔላው አንድ፣ ቤቱ ሁለት። ማንም ሰው በሚያርመው ነፃ የዓለም ካርታ፣ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ፣ ሁለቱንም ሾፕ=ግሮሰሪ ብሎ መመዝገብ ይቻላል፤ የሚከለክል የለም። ጣጣው የሚመጣው ሌላ ሰው ዳታውን አውርዶ በአንድ ሰፈር ስንት የምግብ ሸቀጥ ሱቅ እንዳለ ሲቆጥር ነው። መጠጥ ቤቱ ሁሉ አብሮ ይቆጠርለታል።

ታግ (ካርታው ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ የሚናገር መለያ) ሲመረጥ ቃሉ ሰፊ ይሁን ወይስ ጠባብ የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይጀምራል። የእኔ አቋም ይኸው፦ ዋናው ታግ ሰፊና ሁሉም የሚያውቀው ይሁን፤ ዝርዝሩ በተጨማሪ ታግ ይግባ፤ ያውም በዓይን የታየውን ያህል ብቻ። ይህ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ፤ እነሱንም አነሣለሁ። ታጎቹ ካርታው ላይ ሲገቡ በላቲን ፊደልና በእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ እዚህ ግን ለንባብ እንዲመች ድምፃቸውን በራሳችን ፊደል ነው የምጽፈው።

መሠረቱን በአጭሩ። ካርታው ላይ ያለ ነገር ሁሉ ነጥብ፣ መስመር ወይም ሪሌሽን (ነጥብና መስመሮችን የሚያያይዝ ስብስብ) ነው፤ ምንነቱን የሚነግረን ታጉ ነው። ታግ በስተግራ ቁልፍ፣ በስተቀኝ እሴት አለው፤ እያንዳንዳቸው እስከ 255 ፊደል ይይዛሉ። የተፈቀደና ያልተፈቀደ የሚል መዝገብ የለም። ከተጀመረበት ከ2004 (ዓመቶቹ እዚህ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ የፕሮጀክቱ ልማድ «የሚመችህን ታግ ተጠቀም» የሚል ነው። ሆኖም ማንም የማያውቀው ታግ ዳታቤዝ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ካርታው አይሥለውም፣ ፍለጋ አያገኘውም፣ ናቪጌሽን አያውቀውም። ሾፕ የሚለው ቁልፍ ትንሽ ይሻላል። እሴቱ እንግዳ ቢሆን እንኳ ዋናው የድረ ገጹ ካርታ ቢያንስ ሐምራዊ ነጥብ ያስቀምጥለታል። ካፌን፣ ባርንና ሆስፒታልን የመሰሉ አገልግሎት መስጫዎች የሚገቡበት አሜኒቲ የሚለው ቁልፍ ሥር ያልታወቀ እሴት ከገባ ግን ነጥቧም የለችም።

ስለዚህ ታግ ኮድ ነው እንጂ ትርጉም አይደለም። ቃሉ የእንግሊዝኛ ይመስላል፤ የሚፈታው ግን በታፔላው ሳይሆን የታጎች ማብራሪያ በሚጻፍበት የፕሮጀክቱ ድረ ገጽ፣ ዊኪው ላይ በተሰጠው ፍቺ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ካርታ ሠሪ ደጋግሞ የሚወድቅባቸው ሦስት ቃላት አሉ።

ግሮሰሪን አየን። ተቀምጠው የሚጠጡበት ከሆነ አሜኒቲ=ባር ነው፤ ምግብም የሚያቀርብ፣ ረጋ ብለው የሚቀመጡበት ከሆነ አሜኒቲ=ፐብ የሚሉ አሉ። እኔ በኢትዮጵያ ሁኔታ ልዩነቱ የሚያስጨንቅ አይመስለኝም፤ ባር ይበቃል። ጠርሙስ ገዝተው ይዘው የሚወጡበት ከሆነ ደግሞ ሾፕ=አልኮሆል ነው።

«ቡና ቤት» ሁለተኛው ነው። ቃል በቃል የተረጎመው ሰው አሜኒቲ=ካፌ ብሎ ያስገባዋል። አገሬው ቡና ቤት ሲል የሚያስበው ግን ቢራና ሙዚቃ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከጀርባው አልጋ አለ። ያም አሜኒቲ=ባር ነው። ካፌ የሚባለው ማኪያቶና ኬክ ያለበት ነው። በረንዳ ላይ ረከቦት ዘርግታ፣ ዱካ ደርድራ ጀበና ቡና የምትሸጠው ሴት ቦታዋ ቋሚ ከሆነ አሜኒቲ=ካፌ ከኩዊዚን=ኮፊ_ሾፕ ጋር ያስኬዳል፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ከሆነ ግን ካርታ ላይ ባይገባ ይሻላል።

ሦስተኛውና ሰው የሚያንከራትተው «ሆቴል» ነው። በትንንሽ ከተሞች ሆቴል ማለት ምግብ ቤት ሊሆን ይችላል፤ አልጋ የሚባል ነገር የለውም። ቱሪዝም=ሆቴል ተብሎ ከገባ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከአውቶብስ የወረደ መንገደኛ ስልኩን አምኖ ይሄድና ሽሮ ብቻ ያገኛል። መፍትሔው አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ አልጋ አለ? ካለ ቱሪዝም=ሆቴል ወይም ቱሪዝም=ጌስት_ሃውስ፤ ፔንሲዮን የሚባሉት አብዛኞቹ ወደ ሁለተኛው ይጠጋሉ። ከሌለ አሜኒቲ=ሬስቶራንት። ስሙ ላይ «ሆቴል» የሚለው ቃል ይቅር ማለት አይደለም፤ ኔም የሚለው ቁልፍ ታፔላው ላይ ያለውን እንዳለ ይይዛል። ስሙ የባለቤቱ ነው፤ ምድቡ ግን ካርታ ሠሪው ያየው ነው።

በተቃራኒው ስም የሌለውን ነገር ስም መስጠት የተለመደ ጥፋት ነው። ኔም=ሱቅ፣ ኔም=ትምህርት ቤት፣ ኔም=ቤተ ክርስቲያን። ምድቡን ታጉ አስቀድሞ ተናግሯል፤ ስሙ ካልታወቀ ቦታው ባዶ ይቆይ። ፍለጋ ላይ «ሱቅ» ብሎ የጻፈ ሰው ሱቅ የሚል ስም ያላቸው አሥር ነጥቦች ብቻ መጥተውለት ሌላው እንዳይደበቅበት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ሰፊና ጠባብን ለማስታረቅ የተሻለው መዋቅር የተደራረበው ነው። ጥሩ ምሳሌው ኩሬና ሐይቅ ነው። እስከ 2011 ድረስ ለሰው ሠራሽ ማጠራቀሚያ ላንድዩዝ=ሬዘርቯር፣ ለሐይቅ ናቹራል=ዋተር ነበር። በዚያ ዓመት ድምፅ ያገኘው ሐሳብ ሁሉንም ናቹራል=ዋተር ሥር አስገብቶ ዓይነቱን ዋተር በሚል ተጨማሪ ቁልፍ ለየው፦ ዋተር=ሌክ፣ ዋተር=ሬዘርቯር፣ ዋተር=ፖንድ። ጣና ዋተር=ሌክ ይሆናል። ቆቃ በስሙ ሐይቅ ቢባልም የአዋሽ ግድብ የፈጠረው ስለሆነ ዋተር=ሬዘርቯር ነው። የዚህ ውበቱ፣ ካርታ የሚሥለው ፕሮግራም «ሬዘርቯር» የሚለውን ባያውቅ እንኳ «ዋተር» የሚለውን አይቶ ሰማያዊ ይቀባዋል። ዝርዝሩን የሚፈልገው ደግሞ ያገኘዋል። ረግረግም እንዲሁ ነው፤ ናቹራል=ዌትላንድ ከነዝርዝሩ ዌትላንድ=ማርሽ። ዛፍም ቢሆን፣ የባሕር ዛፍ ተክል ቦታ ላንድዩዝ=ፎረስት ሆኖ ሊፍ_ታይፕ=ብሮድሊቭድና ሊፍ_ሳይክል=ኤቨርግሪን ይጨመርበታል፤ ዝርያውን በእርግጥ ለሚያውቅ ጂነስ የሚል ቁልፍ አለለት።

ጠባብ ዋና ታግ የሚያዋጣው ነገሩ ሲሳሳት ጉዳት ሲያመጣና ከሌላው ጋር ፍጹም የማይተካካ ሲሆን ነው። የመጠጥ ውሃ ጉዳይ ትንሽ እንቆይበት፤ ካርታው ከሚታረምበት ፕሮግራም፣ ከኤዲተሩ፣ ዝርዝር ውስጥ በብዛት በስህተት የሚመረጠው እዚያ ስለሆነ።

ቦኖ አለ፤ የቧንቧ ውሃ በጀሪካን የሚሸጥበት፣ ብዙውን ጊዜ አራት ቧንቧ የተገጠመለት የኮንክሪት መድረክ። ይህ ማን_ሜድ=ዋተር_ታፕ ነው፤ ድሪንኪንግ_ዋተር=የስ ይከተለዋል፤ በገንዘብ ከሆነ ፊ=የስ፤ ጠዋትና ማታ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ኦፕኒንግ_አወርስ። የእጅ ፓምፕ የተገጠመበት ጉድጓድ ማን_ሜድ=ዋተር_ዌል ሲሆን ፓምፕ=ማኑዋል ይጨመርበታል። በገመድና በባልዲ የሚቀዳው ያው ዋተር_ዌል ሆኖ ፓምፕ=ኖ ነው። ምንጭ ናቹራል=ስፕሪንግ ነው፤ በግንብ ታጥሮ ይጠጣል ወይ የሚለው ድሪንኪንግ_ዋተር ላይ ይመዘገባል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ አሜኒቲ=ድሪንኪንግ_ዋተር የሚለውን ብቻ ማስገባት ይቀላል፤ ስህተትም አይደለም። «እዚህ የሚጠጣ ውሃ አለ» ማለት ነው፤ ምንጩን ያላወቀ ሰው የሚያስገባው ሐቀኛ ሰፊ ታግ። ስህተቱ አሜኒቲ=ዋተር_ፖይንት ነው። «የውሃ ነጥብ» የሚለው የእርዳታ ድርጅቶች ሪፖርት ቃል ስለሆነ በቀጥታ የሚመጥን ይመስላል። ዊኪው ላይ ያለው ፍቺ ግን መኪና ላይ የተሠራ ቤትና ጀልባ ታንከራቸውን የሚሞሉበትን፣ ውሃ በብዛት የሚቀዳበትን ቦታ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለካምፕ የሚወጣ ሰው የሚፈልገው ነገር ነው። ቃሉ ስለገጠመ ብቻ የገባው የገጠር ቦኖ ከዚያ ጋር ይቀላቀላል።

ሌላው የውሃ ነገር፦ ፓምፕ ይበላሻል። የተበላሸውን መሰረዝ አይገባም፤ ጉድጓዱ አለና። ኦፕሬሽናል_ስታተስ የሚለው ቁልፍ ላይ ሁኔታው ይጻፍ፤ የታየበት ቀን ደግሞ ቼክ_ዴት ላይ በዓመት፣ በወር፣ በቀን ቅደም ተከተል ይግባ። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። በእኛ አቆጣጠር የገባ ቀን ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት የታየ ይመስልና ሌላው ካርታ ሠሪ ያረጀ መረጃ ነው ብሎ ይጠራጠረዋል።

የሳተላይት ምስል ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ደግሞ ጠባብ ታግ ፈተናው ነው። ክብ የሣር ጣሪያ ይታያል፤ እጅ ወደ ቢልዲንግ=ሃውስ ወይም ቢልዲንግ=ሃት ይሄዳል። ከላይ ሆኖ ግን ጎጆው መኖሪያ ይሁን ማድ ቤት፣ በረት ይሁን ጎተራ አይለይም። ግቢ ውስጥ ሦስት ክብ ካለ ሦስት ቤተሰብ አለ ማለት አይደለም። የሕዝብ ብዛት የሚገምት ሰው ቢልዲንግ=ሃውስ የሚለውን በቤተሰብ አባል ቁጥር ቢያባዛ የሚሆነውን ማሰብ አያቅትም። ለዚህ ነው ቢልዲንግ=የስ የሚባለው ዓለም ላይ ከሁሉም የሕንፃ እሴት በላይ የተለመደው። ስንፍና ይመስላል፤ «ሕንፃ መሆኑን አየሁ፣ ሌላውን አላየሁም» የሚል ምስክርነት ነው። መሬት ላይ ያለ ሰው በኋላ መጥቶ ያጠብበዋል፤ ስትሪትኮምፕሊት የሚባለው የስልክ መተግበሪያም በር ላይ ቆሞ ላለ ሰው ይህንኑ ነው የሚጠይቀው።

ከላይ የሚታየውን ግን መዝግቡ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ሩፍ፡ማቴሪያል=ሜታል፣ ሣር ከሆነ ሩፍ፡ማቴሪያል=ታች («ታች» የሣር ክዳን የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው)። ይኸው ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ሩፍ፡ሼፕ=ራውንድ ለጎጆ አይሆንም። ራውንድ የተባለው ከላይ ሲታይ ክብ የሆነ ጣሪያ ሳይሆን በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ እንደተደፋ ያለ፣ መጋዘን ላይ የሚታየው ቅስት ነው። በሦስት ገጽታ ካርታ ላይ ጎጆዎቹ ሁሉ መጋዘን ይመስላሉ።

መንገድ ላይ ሰፊውና ጠባቡ ተገላብጠው ይመጣሉ። ሃይዌይ=አንክላሲፋይድ የሚለውን ያየ አዲስ ሰው «ደረጃው ያልታወቀ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሰፊና አስተማማኝ መስሎት የማያውቀውን ሁሉ እዚያ ይከታል። እንዲያ አይደለም። ቃሉ የብሪታንያ የመንገድ አመዳደብ ውርስ ነው፤ ከተርሸሪ (ሦስተኛ ደረጃ መንገድ) ቀጥሎ ያለ፣ መንደርን ከመንደር የሚያገናኝ የራሱ ደረጃ ያለው መንገድ ማለት ነው። በእውነት ያልታወቀው ሃይዌይ=ሮድ ነው፤ እሱም ጊዜያዊ፣ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያጣራ የሚቆይ። ሰፈር ውስጥ ቤቶች የተደረደሩበት ሃይዌይ=ሬዚደንሻል፣ ወደ እርሻ ብቻ የሚወስድ ሃይዌይ=ትራክ ከትራክታይፕ=ግሬድ1 እስከ ግሬድ5 ጋር።

ደረጃ የሚሰጠው መንገዱ በሚያገናኘው ነገር ነው፤ አስፋልት በመሆኑ ወይም ባለመሆኑ አይደለም። የወረዳ ከተማን ከዞን ከተማ የሚያገናኝ ጠጠር መንገድ ጠጠር ስለሆነ ትራክ አይባልም፤ ጠጠርነቱ ሰርፌስ=ግራቭል ላይ ይገባል። ጥፋቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ኦኤስአርኤም የተባለውን መንገድ ጠቋሚ የመኪና ቅንብር ማየት ይበቃል፦ ተርሸሪ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ አንክላሲፋይድ 25 ይሰጣቸዋል። ፓዝ የሚባለው ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ መኪና አይሄድበትም ተብሎ ይዘለላል። ወደ አንድ መንደር የሚገባው ብቸኛ መኪና መንገድ ከሳተላይት ላይ ቀጭን ስለመሰለ ሃይዌይ=ፓዝ ከተባለ፣ ለናቪጌሽኑ ያ መንደር በእግር ብቻ የሚደረስበት ሆነ ማለት ነው።

ፓዝ ራሱ ሰፊ ታግ ሲከሽፍ የሚታይበት ነው። በ2008 ሲጸድቅ ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ለእግረኛ ፉትዌይ፣ ለብስክሌት ሳይክልዌይ እያሉ ከመነጣጠል፣ ለማንም የተለየ ያልሆነውን በአንድ ቃል መጥራት። ነገር ግን ማን ሊሄድበት እንደሚችል፣ ወለሉና አስቸጋሪነቱ ምን እንደሆነ የሚናገሩት ተጨማሪ ታጎች አብረው አልመጡም። ብዙ ቦታ ፓዝ ብቻውን ቆሟል። የመናፈሻ ምንጣፍ መሳይ መንገድም ፓዝ፣ እጅም እግርም የሚጠይቅ የተራራ ቁልቁለትም ፓዝ። ሰፊ ታግ የሚሠራው ዝርዝሩን የሚሸከም ተከታይ ካለው ብቻ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ፓዝ ያስገባ ሰው ሳክ_ስኬል የሚለውን የተራራ መንገድ መለኪያ ካልጨመረ ሥራውን ግማሽ ላይ ጥሎታል።

ኮብልስቶንን ሳላነሣ አላልፍም። በየከተማው ውስጥ ለውስጥ የተነጠፈውን ድንጋይ ኮብልስቶን ነው የምንለው፤ የሥራው ስምም እሱ ነው። ስለዚህ ሰርፌስ=ኮብልስቶን ተብሎ ይገባል። ካርታው ላይ ግን ይህ እሴት አሻሚ ስለሆነ አይመከርም፤ ከሥሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉና። በመሮና በመዶሻ ተጠርቦ ጎን ለጎን የሚገጥመው ሰርፌስ=ሴት ነው («ሴት» የተጠረበ የመንገድ ድንጋይ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው)። ከወንዝ እንደወጣ የተነጠፈው ያልተጠረበ ክብ ድንጋይ ሰርፌስ=አንሂውን_ኮብልስቶን ነው። የእኛው ተጠርቧል፤ ስለዚህ ሴት። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው፣ ለብስክሌትም ቢሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም።

የጤና ተቋም ጉዳይ ደግሞ የራሳችን ደረጃ ከካርታው ደረጃ ጋር የማይገጥምበት ነው። ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግሉ የተመደቡ ናቸው። ካርታው የሚያውቃቸው ዋና እሴቶች አሜኒቲ=ሆስፒታል፣ አሜኒቲ=ክሊኒክና አሜኒቲ=ዶክተርስ ናቸው። ሆስፒታል ማለት አስተኝቶ የሚያክም ነው። ጤና ኬላን ሆስፒታል ማለት፣ «ትልቅ ቀይ ምልክት ይውጣለት» ከሚል ቀና ሐሳብም ቢሆን፣ አደገኛ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ይዞ የሚሮጥ ሾፌር ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ብቻ ወዳሉበት ይሄዳል። ጤና ጣቢያ አሜኒቲ=ክሊኒክ ቢባል የሚቀርብ ነው። ጤና ኬላም በዚያው ሥር ይገባል፤ ግን ልዩነቱ መጥፋት የለበትም። ሄልዝ_ፋሲሊቲ፡ታይፕ የሚለው ተጨማሪ ቁልፍ ለሰብዓዊ እርዳታ ካርታ ሥራ ያገለገለው ለዚህ ነው፤ አገራዊው ደረጃ እዚያ ይመዝገብ። ኢመርጀንሲ=የስ ወይም ኖ እና ቤድስ በቁጥር ከተጨመሩ፣ የአሜኒቲው ቃል ሰፊ መሆኑ ብዙም አይጎዳም።

ሥጋ ቤት ጋ ስንደርስ የቁልፎቹ አደረጃጀት ራሱ ያግዛል። ፊት ለፊት ሥጋ ተሰቅሏል፣ ከኋላ ጥብስና ቁርጥ ይበላል። አሜኒቲ=ሬስቶራንት፤ቡቸር እያሉ በድርብ ሰረዝ መደርደር አይሠራም። አብዛኛው ፕሮግራም ጠቅላላውን እንደ አንድ የማይታወቅ ቃል ያነበዋል። ሾፕና አሜኒቲ ግን ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ስለሆኑ አንድ ነጥብ ላይ ሾፕ=ቡቸርና አሜኒቲ=ሬስቶራንት አብረው ይቀመጣሉ። በሩ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ካለ የሚናገረው አለና፣ ጨረቃ ላለበት ዳየት፡ሐላል=ኦንሊ ይጨመር። መስቀል ላለበት ተመጣጣኝ ታግ አላውቅም፤ ዳየት፡ሐላል=ኖ ቢባል ለሚፈልገው ሰው በቂ መልስ ነው። የጾም ምግብን ዳየት፡ቪጋን=የስ ማለት ደግሞ ከመቶ ዘጠና ያስኬዳል፤ ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ ምግብ ቤቶች እስኪመጡ ድረስ።

ወፍጮ ቤት ያለ ችግር ያልፋል፤ ክራፍት=ግራይንዲንግ_ሚል የሚል እሴት አለለት። ማን_ሜድ=ዊንድሚል የነፋስ ወፍጮ ነው፤ «ሚል» የሚለውን ብቻ አይቶ እሱን የመረጠ አይጠፋም።

ጠጅ ቤት ግን ሥራ ይጠይቃል። አሜኒቲ=ጠጅ_ቤት ብሎ አዲስ እሴት መፍጠር ያጓጓል፤ ቤቱ ባር አይደለም፣ ብርሌው፣ አግዳሚ ወንበሩና ሰዓቱ ሁሉ የራሱ ነው። ሆኖም ያን ዕለት ካርታው ላይ የነበረው ጠጅ ቤት ሁሉ ከእይታ ይጠፋል፤ ፕሮግራሞቹ የሚያውቁት ባር የሚለውን ነውና። አሜኒቲ=ባር ይቆይና ድሪንክ ከሚለው ቁልፍ ጋር በሁለት ነጥብ ተያይዞ የመጠጡ ስም ይግባ፦ ድሪንክ፡ጠጅ=የስ። ጠላና አረቄም እንዲሁ። የመጠጡ ስም በላቲን እንዴት እንደሚጻፍ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። አንዱ በጄ፣ ሌላው በዲጄ፣ ሦስተኛው በመጨረሻው ሁለት ፊደል ደርቦ ከጻፈ ሦስት የተለያየ ታግ ተፈጠረ ማለት ነው፤ ማንም አንዱን ፈልጎ ሁለቱን አያገኝም። በር ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ የተደፋበት ጠላ ሻጭ ቤት ግን ሌላ ነገር ነው። ጠላው ሲያልቅ ጣሳው ይወርዳል፤ የግለሰብ መኖሪያም ነው። እሱን ካርታ ላይ አላስገባም።

አዲስ ቃል ከመፍጠር በፊት የሚደረገው ፍተሻ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ታግኢንፎ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያሰባችሁትን እሴት ጻፉ። ስንት ጊዜ እንደገባ፣ በነጥብ ይሁን በመስመር፣ ከየትኞቹ ታጎች ጋር አብሮ እንደሚታይና ዓለም ላይ የት የት እንዳለ ያሳያል። ቁጥሩን ብቻ አትመኑ፤ ሥርጭቱን የሚያሳየውን ካርታ እዩ። አምስት ሺህ ጊዜ የገባ ታግ ሁሉም አንድ ከተማ ላይ ከተከመረ አንድ ሰው በአንድ ቀን ያስገባው ሊሆን ይችላል። ከዚያ የዊኪ ገጽ ይኖረው እንደሆነ፣ ካለውም ደረጃው ጸድቋል የሚል ይሁን በልማድ የሚሠራበት ወይስ የተተወ ተብሎ የተፈረጀ መሆኑን ተመልከቱ። በመጨረሻ አይዲ የተባለው በብሮውዘር የሚከፈተው ኤዲተር ዝርዝሩ ውስጥ ያውቀው እንደሆነ ፈልጉ። አይዲ ያቀረበው ምርጫ ዊኪውን ሳያነብ በሚሠራው ብዙ ሰው እጅ ይሰራጫል፤ ለታግ ዕድሜ ከድምፅ አሰጣጥ የበለጠ ወሳኙ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፍተሻው ባዶ ከሆነና ነገሩ በብዙ ቦታ የሚደጋገም ከሆነ ሐሳቡን ዊኪው ላይ በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ውይይት፣ ከዚያ ቢያንስ 14 ቀን ድምፅ። ለተጨማሪ ታግ ይህ ሁሉ ግዴታ አይደለም። ዋና ታጉን ካልነካችሁ መጀመር ትችላላችሁ፤ ፍቺውን ግን አንድ ቦታ ጻፉት።

ቀድሞ የተሳሳተውን ማረም የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የካርታውን ዳታ ፈልጎ በሚያወጣው ድረ ገጽ፣ ኦቨርፓስ ቱርቦ ላይ፣ አዲስ አበባን መርጦ ሾፕ=ግሮሰሪ የሚለውን ሁሉ መጥራት ቀላል ነው፤ ጆዝም በተባለው ኮምፒውተር ላይ በሚጫን ኤዲተር ከፍቶ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ወደ አሜኒቲ=ባር መቀየርም እንዲሁ። ግን አታድርጉት። አንደኛ፣ ቦታውን ሳያዩ በጅምላ መቀየር አስቀድሞ ውይይት የሚጠይቅ የራሱ ደንብ አለው፤ ያለ ውይይት የተደረገው ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛና ዋናው፣ ከእነዚያ ነጥቦች መካከል በእውነት ዘይትና ሩዝ የሚሸጡ አሉ። እነሱን ባር ማድረግ የመጀመሪያውን ስህተት በሌላ መተካት ነው፤ ያውም ሁለተኛው ሰው የማይጠረጥረው ስህተት። በየነጥቡ ታሪኩን ክፈቱ፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ምንጭ እንዳስገባው ይታያል። አብሮት ኦፕኒንግ_አወርስ ካለና እስከ እኩለ ሌሊት የሚል ከሆነ መልሱ ተገኘ። ከሌለ ካርታው ላይ ኖት ትታችሁ «እዚህ ቤት ተቀምጦ ይጠጣል ወይስ ሸቀጥ ይሸጣል?» ብላችሁ በአማርኛ ጠይቁ። ሁለቱንም የሚሠራ ከሆነ፣ ፊት ለፊት ሳሙናና ፓስታ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ባንኮኒ፣ ሾፕ=ኮንቪኒየንስና አሜኒቲ=ባር በአንድ ነጥብ ላይ ይቀመጣሉ፤ ኔም ላይ «ግሮሰሪ» የሚለው ከነሙሉ ታፔላው እንዳለ ይቆያል።